ከወለል ላይ ያነሣሁት አገር

ሰው ፊት መናገር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ይህንንም የምጽፈው አፌ ስለማይታዘዘኝ ነው። ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በየካቲት ወር እዚሁ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንድ ቀን ብቻ። ግን ያን ቀን የፈራሁትን ያህል የሱዳንን ድንበር በእግሬ ስሻገር እንኳ አልፈራሁም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትውልዴ ኮምቦልቻ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ አቋረጥኩ። እዚህ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሰፈር እህቴ ዘሃራ ቤት ተጠግቼ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እስኪመልሱልኝ ድረስ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። በሰፈራችን ያሉ ሐበሾች ግን ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ። «ስምሽ አንዴ ፖሊስ ዘንድ ከገባ አለቀልሽ፣ በመጣሽበት ይመልሱሻል» ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ ፖሊስ ሳይ መንገድ እለውጥ ነበር፣ ምንም ሳላጠፋ።

ሥራ ያስገቡኝ እትዬ ማርታ ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ ጴንጤ፣ ድምፃቸው ትልቅ፣ የጽዳት ቡድናችን አለቃ። ሊያስቀጥሩኝ ሲሉ፣ ዘይነባ የሚለውን ስሜን አቆላምጠው፣ «ዘይኑ፣ ስዊድንኛ ታነቢያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

አላነብም ነበር። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው ግን አምነውኝ ለአለቆቻቸው «ታነባለች፣ እኔ አለሁላት» ብለው ፈረሙልኝ።

የማጸዳው ስለ ጋዜጣና ስለ መጽሐፍ የሚያጠና አንድ ትንሽ ቢሮ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ለእኔ የተመቸ ሥራ ነው፤ ማንም አያናግረኝም።

የዚያን ቀን ጠዋት በአራተኛው ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በትልልቅ ፊደል ሁለት መስመር ተጽፎ ከሥሩ ተሰምሮበታል። በዚያ ቢሮ በየበሩ የስብሰባና የልደት ማስታወቂያ መለጠፍ የተለመደ ነው። አልፌው ገባሁ።

ወለሉ አይታይም። ከመስኮቱ እስከ በሩ በወረቀት ተሸፍኗል። በመስኮቱ በኩል በመኪና የተጻፉ ወፋፍራም ጥራዞች ተደርድረዋል። በበሩ በኩል፣ ከእነሱ ትይዩ፣ በእጅ የተጻፉ ስስ ወረቀቶች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የበሩ በኩል ያሉት የዐረብ ጽሕፈት ናቸው። በእያንዳንዱ ራስ ላይ «ቢስሚላህ» ተጽፏል።

እግሬን መለስኩ። አንዱን ልረግጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ትርጉሙን ባላውቅም የቁርአን ፊደል ልጅ ሆኜ ቆጥሬአለሁ። ያስቆጠሩን ሼህ «የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ላይ ካያችሁ አንሡት፣ ሳሙት፣ እግር ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አኑሩት» ይሉን ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ከመንገድ በተለቀመ ወረቀት የተወተፈ ነው። እናቴ «የእኛን ቤት ብርድ የሚከለክለው ጭቃው ሳይሆን ወረቀቱ ነው» ትል ነበር።

ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጠብኩ። አንድ በአንድ እያነሣሁ ሳምኩ፣ ግንባሬን አስነካሁ። እየሳምኩ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ለሶላት ብዬ በቦርሳዬ የምይዘውን ነጭ ሻሽ አውጥቼ ጠቀለልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ እንዳላስቀምጥ ቡና የፈሰሰበት ኩባያ አለ። መደርደሪያው ላይ የሰው ጫማ ተቀምጧል። ከዚያ ቤት ሁሉ ከፍ ያለው ነገር ኮሪደሩ ውስጥ የቆመው አሮጌ ቁም ሳጥን ነው፣ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ የቀረው። ወንበር ላይ ወጥቼ ጫፉ ላይ አኖርኳቸው።

የመስኮቱ በኩል ያሉትን አልነካኋቸውም። በዙሪያቸው ወለሉን ጠርጌ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ግዴለሽ ሰው የጣለውን አንሥቼ ሰዋብ፣ የአላህን ምንዳ፣ ያገኘሁ መስሎኛል።

አምስት ሰዓት ላይ ቤት ስልክ ተደወለ።

«ዘይኑ፣ ልበሽና ነይ» አሉ እትዬ ማርታ።

«ምነው እትዬ?»

«ነይ ብያለሁ።»

እሳቸው ሁልጊዜ «እንዴት አደርሽልኝ የኔ ቆንጆ» ሳይሉ አይጀምሩም። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ የጠዋቱን ሥራዬን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ምንጣፍ አቃጥዬ ይሆን? ቧንቧ ሳልዘጋ ወጥቼ ይሆን? ወረቀቶቹ ጭራሽ በልቤ አልመጡም።

ስደርስ በአራተኛው ክፍል ሦስት ሰዎች አሉ። እትዬ ማርታ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ኢንገር የምትባለው የጥናቱ ኃላፊ፣ ቀጭን ረጅም ሴት፣ ክንዷን አጣምራለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በበሩ በኩል ባዶ የሆነውን ወለል ያያሉ። ጠይም፣ ጢማቸው ነጭ፣ በሱፍ ኮት ላይ ሰማያዊ ጥምጥም የጣሉ። ሰላም ሊሉኝ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

እትዬ ማርታ ኢንገር የምትለውን እየተረጎሙ ነገሩኝ። ሰውየው ሲዲ ይባላሉ፤ በሞሪታንያ የጋዜጣ አታሚ ናቸው። ሞሪታንያና ሴኔጋል ጎረቤት አገሮች ሲሆኑ ሁለቱም የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ ነው የሚገዙት። ሽማግሌው ሁለቱ አገሮች በየዓመቱ ለወረቀት ምን ያህል እንደሚያወጡ እያነጻጸሩ ነው። የሴኔጋሉ ተጠርዞ የተገኘ ነው። የሞሪታንያውን ግን እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ከነጋዴ ነጋዴ እየዞሩ በእጃቸው ነው የጻፉት። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ዛሬ ጠዋት ሊያባዙት ነበር። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሁለቱ አገሮች አብረው ወረቀት እንዲገዙ የሚረዱ ሰዎች ይመጣሉ። ዓመቱን ከዓመቱ ትይዩ አድርገው ለማየት ጠረጴዛ ስላልበቃቸው ሽማግሌው ትናንት ማታ ወለሉ ላይ ዘርግተውት ሄዱ።

«ጠዋት ሲመጡ ሴኔጋል አለች» አሉ እትዬ ማርታ፣ «ሞሪታንያ የለችም።»

የሳምኳቸው ወረቀቶች እነዚያ እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኢንገር ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ጥለሻቸዋል?»

«አልጣልኩም።»

«ወስደሻቸዋል?»

«አልወሰድኩም።»

ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ውሸት ነው። «አንሥቼአቸዋለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ግን አላልኳትም። ኢንገር በሩን ከፍታ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ።

«ይህን አንብበሽ ነበር?»

እትዬ ማርታ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው።

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ አትግቡ ይላል። ለምን ገባሽ?»

ዓይኔን ከማስታወቂያው ላይ አልነቀልኩም። እኔ ስፈራ አላለቅስም፤ እንደ ድንጋይ ነው የምሆነው። ሰው ደግሞ ያንን ንቀት ይለዋል። ኢንገር ሰዓቷን አየች። ሰነዱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተገኘ ለፖሊስ ማመልከት ግዴታዋ እንደሆነ ተናገረች። የማን ስም እንደሚጻፍም ተናገረች፦ የገባችው ልጅና ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ።

እትዬ ማርታ ክንዴን ይዘው ወደ ትንሿ ወጥ ቤት አስገቡኝና በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ ቀና በይና እዪኝ። እዚህ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ነክተሻል?»

«አልነካሁም እትዬ።»

«ማይ።»

«ወላሂ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ለሰው ብዬ ሳይሆን ለፍርሃቴ ብዬ በአላህ በሐሰት ማልኩ። እሳቸው ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ፊታቸውም ፈታ አለ።

«በቃ። አንቺ ሰው ስታይ የምትደበቂ ልጅ፣ ሌብነት ከየት ይመጣብሻል? ቁልፉ የኔ ነው፤ በእኔ ስም ይጻፉት። ጌታ ያውቃል» ብለው ወጡ።

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ ብዬ ወጣሁ። ማንም ሳያየኝ ወረቀቶቹን አውርጄ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጥግ ላኑራቸው፣ ሌላ ሰው ያግኛቸው ብዬ አሰብኩ። ወንበር ይዤ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩ።

ቁም ሳጥኑ የለም።

ግድግዳው ላይ የቁም ሳጥኑ ቅርጽ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ወለሉ ላይ አራት የእግር ጉድጓዶች አሉ። ወንበሩን እንደያዝኩ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እንግዳ የምትቀበለዋ ልጅ አይታኝ ሳቀችና፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች አራት ሰዓት ላይ መጥተው ዮርድብሩ በሚባል ቦታ ወዳለው መጋዘናቸው እንደወሰዱት በእጇ ጭምር እያሳየች ነገረችኝ።

እትዬ ማርታን ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። 

«እትዬ፣ ሳምኳቸው።»

«ምን?»

«ወረቀቶቹን። ከሳምኳቸው በኋላ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖርኳቸው። ቁም ሳጥኑ ሄዷል።»

እትዬ ማርታ የደረጃውን ብረት ያዙ። «ወላሂ ብለሽኛል» አሉኝ።  ወርደው ወደ ባቡር ጣቢያ በፍጥነት መራመድ ጀመሩ፣ እኔም ከኋላ።

የዮርድብሩ ባቡር ያን ቀን እንደ ኤሊ ነበር።  እትዬ ማርታ አራተኛው ጣቢያ ላይ ስንደርስ ፈነዱ።

«ቁም ሳጥን ላይ ምን ያወጣሻል?»

«ከፍ ያለ ስለሆነ።»

«ጠረጴዛ ከፍ አይልም?»

«ቡና ፈስሶበት ነበር።»

«ኢየሱስ! እሺ ማስታወቂያው? አትግቡ ይላልኮ!»

«አላነብም እትዬ። ዋሽቼዎት ነው።»

በመስኮት በረዶውን አዩ። አሁን ከዚህ ባቡር ውረጂ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ» አሉ፣ «ሳሙና መስሎኝ የወለል ሰም መስኮት ላይ ቀብቻለሁ። አምስት ፎቅ ሙሉ። አነባለሁ ብዬ ነበር እኔም።» ወዲያው ሳቃቸው ቆመ። «ግን ማንም ፖሊስ አልጠራብኝም። ጸልዪ። በራስሽም መንገድ ቢሆን ጸልዪ።»

የዕቃ መጋዘኑ ግቢ ሰፊ ነው። ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ አንድ ሪዛም ሠራተኛ ተቀበለን። ቁም ሳጥኑ በጀርባው ተጋድሟል፤ ላዩ ባዶ ነው። እትዬ ማርታ ጠየቁት። ሰውየው ያለምንም ችግር አስታወሰ።

«ነጭ ጨርቅ? አዎ። ጨርቁን ከጨርቅ፣ ወረቀቱን ከወረቀት ጋር ለየነው።»

ሻሼ ከአሮጌ መጋረጃዎች ጋር ተሰቅሏል። ወረቀቱ ያለው ግን እደጅ ከቆመው፣ ጣሪያ ከሌለው ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የስንት መሥሪያ ቤት ወረቀት እንደሆነ እንጃ፣ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣለታል» አለ።

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

«ወደ ወረቀት ፋብሪካ። ይቀቅሉትና እንደገና የጋዜጣ ወረቀት ያደርጉታል።»

እትዬ ማርታ ሲተረጉሙልኝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «የሽማግሌው ድካም ነገ ተነገ ወዲያ ባዶ ጋዜጣ ሊሆን ነው!»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። እኔ ወንድ ፊት ቀና ብዬ የማልሄድ ልጅ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ የብረት መሰላሉን ወጣሁና ዘልዬ ገባሁ። እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። ጣቶቼ በብርድ ደነዘዙ። ወረቀቱ ሁሉ የማላነበው ነው፤ ስዊድንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ቁጥር። ነገር ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እኔ የምፈልገው እኔ የማነበውን ብቻ ነው። ዓይኔ ቢስሚላህን ሲያገኝ እጄ ያነሣል። አምስት። ዘጠኝ። አሥራ አራት። እትዬ ማርታ ከታች ሆነው እየተቀበሉ በጥርሳቸው «በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም» ይላሉ። እኔ ከላይ «ያ አላህ» እላለሁ። ሪዛሙ ሰውዬ እኛን ማየት ትቶ እሱም ከዳር ይፈልግ ጀመር።

ሃያ አንድ ላይ ስደርስ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ሾፌሩ ወደ ኋላ መጥቶ ሰንሰለቱን ሊያያይዝ ወረደ፤ እኔን አላየኝም። ሳጥኑ ተነቃነቀ።

«ቬንታ!»

ጠብቅ ማለት ነው። የጮኸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር አልኩ። እኔ ነበርኩ። በስዊድን አገር ሁለት ዓመት ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሾፌሩ ከወረቀት ውስጥ የበቀለች ሴት አይቶ ሲጋራው ከአፉ ወደቀ።

«አሥር ደቂቃ» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ሃያ ሁለተኛዋን ከጥግ አገኘኋት። ሃያ ሦስተኛዋን ሪዛሙ ሰውዬ ከሳጥኑ ውጭ በረዶ ላይ ወድቃ አነሣት። የቦት ጫማ ዱካ አርፎባታል፣ ልክ በቢስሚላህ ላይ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቢሮ የደረስነው አሥር ሰዓት ከሃምሳ ነው። ኢንገር ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። እትዬ ማርታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ቶሎ ብለው በስዊድንኛ ያወሩ ጀመር። ዕቃ የወሰዱት ሰዎች በስሕተት ቀላቅለው እንደወሰዱት እየነገሯት እንደሆነ ገባኝ። ለእኔ ሲሉ እየዋሹ ነበር። ኢንገርም ራሷን ነቀነቀች፤ ልታምን ነው። ዝም ብል ሁሉም ያልቃል። ስሜ የትም አይጻፍም።

ሽማግሌው ግን እያዩኝ ነበር። እጄን፣ እርጥብ ቀሚሴን፣ ከመጋዘኑ መልሼ አንገቴ ላይ የጠመጠምኩትን ሻሽ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በስዊድንኛ። ወደ በሩ ሄጄ በማስታወቂያው ላይ ጣቴን አኖርኩ። «አላነብም።» ከዚያ በኋላ የሚሆን ስዊድንኛ አልነበረኝም። ተንበርክኬ ወለሉን ነካሁ፤ «ቢስሚላህ» አልኩ። ተነሣሁና ባዶ እጄን ከንፈሬን፣ ግንባሬን አስነክቼ ወደ ጣሪያው ዘረጋሁት።

ኢንገር ምንም አልገባትም። ሽማግሌው ግን ከወንበራቸው ተነሡ። የተረገጠችውን ወረቀት አንሥተው ጭቃውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ሳሟት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ በፈረንሳይኛ ተናገሩ። ኢንገር ለእትዬ ማርታ፣ እትዬ ማርታ ለእኔ ተረጎሙ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መሬት ላይ የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ሳትም የእኔን ወረቀት የሳመ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄ፣ የሳምሽው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመርከብ ኪራይና የቀረጥ ዝርዝር ነው።»

እትዬ ማርታ ተርጉመው ሳይጨርሱ ሳቅ ገደላቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሆንም አፌ አንዴ ተከፍቶ ስለነበር ጠየቅሁ። ስዊድን አገር ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልገባኝን ነገር ሰው ጠየቅሁ።

«ለምንድን ነው የአንዱ አገር ጥራዝ ወፍራም፣ የእርስዎ ስስ የሆነው?»

አስቀመጡኝና አስረዱኝ። በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ ወንዝ ብቻ ነው ያለው። ሴኔጋል ብዙ ስለምትገዛ ለአንዱ ጥቅል ወረቀት የምትከፍለው ይቀንስላታል። ሞሪታንያ ጥቂት ስለምትገዛ ያው ወረቀት ይወደድባታል፤ ስለተወደደ ደግሞ ይበልጥ ጥቂት ትገዛለች።

«እኛ ቮርቢ ጎርድ ጤፍ የምንገዛው እንደዚህ ነው» አልኩ። «አንድ ቤት ለብቻው ከገዛ አይችለውም። አምስት ሆነን አንድ ጆንያ እንገዛለን።»

ኢንገር ሲተረጎምላት እስክሪብቶ አነሣች። ሽማግሌው በጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። «ነገ ይህን ነው የምነግራቸው» አሉ። ነግረዋቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ የተረገጠችውን ወረቀት ቅጂ ግን ትተውልኝ ሄደዋል።

ለፖሊስ የደወለ የለም። እትዬ ማርታ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ቡድኑ ውስጥ አዲስ ሴት ስትመጣ አሁንም ከሁሉ በፊት «ማንበብ አልችልም ማለት ነውር አይደለም» ብለው ነው የሚጀምሩት። ለሁለት ሳምንት ግን ወላሂ ባልኩ ቁጥር አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩኝ ነበር። እኔም ስለዚያ መሐላ ሦስት ቀን ጾምኩ። የመኖሪያ ፈቃዴም በዚያው ዓመት መጣ። ከዚህ ነገር ጋር የሚያገናኘው የለም፤ እኔ በፍርሃቴ ነው ያገናኘሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ ፈሪ የሆነ ሰው በመካከላችሁ ይኖራል። ለእሱ የምለው አለኝ። እኔን ሊያጠፋኝ የነበረው ያደረግሁት ነገር አይደለም። ያደረግሁትን እኔ አደረግሁ አለማለቴ ነው። አፌን በዘጋሁ ቁጥር ወረቀቱ ወደ ፋብሪካ አንድ እርምጃ ይሄድ ነበር።

አሁን የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪዋ መጻፍ የምትፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ ስትል ሌሎቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን ጠየቁ። የእኔን ስትሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጽፋ ሰጠችኝ፤ እኔም እጄ እስኪለምድ ድረስ ገለበጥኩት። ዛሬም የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ላይ ካየሁ አነሣለሁ፣ እስማለሁ፣ ከፍ ካለ ቦታ አኖራለሁ። ስወጣ ግን አስተማሪዋ ያጻፈችኝን በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ላይ እለጥፋለሁ፦

«ከወለል ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያለው መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው። ዘይነባ።»